የአሰቡ ፒስታና የሰይድ ቀኝ እግር

ስሜ ይመር ይባላል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ ብትፈርዱም ግድ የለኝም። አሜሪካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ኮምቦልቻ ያላችሁ የአሰብ ሰዎች በየሻይ ቤቱ «እስቲ ያየኸውን ንገረን» እያላችሁ አላስቀምጥ ብላችሁኛል። አንድን ነገር ደጋግሞ ማውራት አልወድም። ይኸው ጻፍኩት። የፈለገ ያንብብ፣ ማንበብ ያቃተው ያስነብብ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ፣ እኛም የያዝነውን ይዘን ከወጣን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ከጎረቤት ሱቅ «ስልክ መጥቶልሃል» ተብዬ ተጠራሁ። የሰይድ ልጅ ዘይነብ ነበረች፣ ከሚኒያፖሊስ።

«ጋሼ፣ የአባባ እግር በስኳሩ ምክንያት ሞቷል። ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ ይገድለዋል ይላሉ። እሱ አላስነካም ብሏል። ቲኬቱን እኔ እልካለሁ፤ መጥተው ያናግሩልኝ።»

«እኔን መች ሰምቶኝ ያውቃል?»

«ይሰድብዎታል እንጂ ይሰማዎታል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰይድን የማታውቁ ካላችሁ፣ በአሰብ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ እንደሱ የነዳ ሰው አልተፈጠረም። እኔ ደግሞ ያንን ሜዳ ውሃ የማጠጣ የቦቴ ሾፌር ነበርኩ። እሱ ከጅቡቲ በስደት አሜሪካ ከገባ ወዲህ ተያይተን አናውቅም።

ዒድ ከወጣ በኋላ በነበረው እሁድ ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ተነሳሁ። አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ ሲታጠፍ አንገቴን መልሼ የባቲን መንገድ አየሁት። ያ መንገድ ድሮ ቀንም ሌሊትም መኪና አያጣም ነበር። አሁን ፍየል ተኝቶበታል።

ሰኞ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ «ጫማ ግዛ፣ አገሩ በረዶ ነው» ሲለኝ ነበር። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በሰንደል ጫማ ቦቴ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ለጥቂት ቀን ብዬ እግሬን ቆዳ ውስጥ አልከትም አልኩ። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ስቀይር ሰዎች ፊቴን ትተው እግሬን ያያሉ። አያገባችሁም አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ደረስኩ። የዘይነብ ባል ጀማል ሊቀበለኝ መጥቷል። የወሎ ልጅ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን ፍሪድሊ በሚባል ሰፈር ለልብ ሕመምተኛ የሚገጠም መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚውል። እግሬን አየ። ቁጭ ብሎ የራሱን ቡትስ አወለቀና አደረገልኝ። እሱ በካልሲ እስከ መኪናው ድረስ በበረዶው ላይ ሄደ። «አንተ ልጅ፣ ትታመማለህ» ብለው፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ እኔ ለምጃለሁ» አለኝ። ይህን የመሰለ ልጅ ያሳደገችው እናት ጀነት ትግባ።

የአሰብ ሙቀት አፍንጫ ያቃጥላል፤ የዚህ አገር ብርድም ያው ያቃጥላል። ዓይኔ ሲያነባ እንባው ጉንጬ ላይ ደረቀ። ቤታቸው ያለው ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ነው፤ የእንጨት ቤት፣ እነሱ ላይኛው ፎቅ፣ ታች የሶማሌ ቤተሰብ። በር ላይ የቆመች የጎረቤት መኪና ከኮፈኗ ሥር ገመድ ወጥቶ ግድግዳ ላይ እንደ ራዲዮ ተሰክቷል። ሞተሩ እንዳይረጋ ያሞቁታል አለኝ ጀማል። እኛ አሰብ ላይ ሞተር እንዳይፈላ እርጥብ ጆንያ እናለብስ ነበር።

ሰይድ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ፊቱ አልቋል። ያ አንገቱ ደንዳና፣ ድምፁ ከሞተር በላይ የሚሰማ ሰው ወንበሩ ውስጥ ጠፍቷል። ክፍሉ ውስጥ የማውቀው ሽታ አለ፤ በፀሐይ የዋለ ዓሣ ሽታ። ከእግሩ ነው።

«ቢላዋውን ይዘህ መጣህ?» አለኝ ሰላም እንኳ ሳይል።

«ቢላዋ ምን ይሠራልኛል፤ እኔ የማውቀው ውሃ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። ስለ እግሬ ካነሳህ ግን በመጣህበት ትመለሳለህ።»

«ቲኬቱን የከፈለችው ልጅህ ናት። አንተ አትመልሰኝም።»

አየኝ። ከዚያ እጄን ይዞ አልለቅ አለ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ዘይነብም እያየችን ወጥ ቤት ገባች።

ማታ ታች ያለችው ሶማሌ «እንግዳ መጥቶባችኋል» ብላ ሩዝ በሥጋ በትሪ ላከች። ዘይነብ ደግሞ ለኔ ብላ ዓሣ ጠብሳለች። የሐይቅ ዓሣ ነው፤ ጨው የማያውቅ ዓሣ። በላሁ፣ ጣፋጭ ነው አልኳት። ሰይድ ሳቀብኝ፤ «ውሸታም፣ ጥጥ ጥጥ ነው የሚለው» አለ። የዘይነብ ልጆች በአማርኛ ይጠየቃሉ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። አያታቸው የእሽቅድምድም ሾፌር እንደነበረ ቢነገራቸውም የሚያምኑ አልመሰለኝም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በረዶ ወረደ፤ ከቤት አልወጣንም። ጀማል ከሥራ ሲመለስ «እውነት ሜዳው ጨው ላይ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኔና ሰይድ እየተነጣጠቅን ነገርነው። ይህን በደንብ እጽፈዋለሁ፤ እኔ ስሞት የሚያውቀው ሰው አይኖርም።

መጀመሪያ ሜዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጨው ማምረቻውና በባሕሩ መካከል ነጭ፣ ጠፍጣፋ መሬት ነበረ። መርከብ እስኪራገፍ ተራ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሥራ ሲፈቱ፣ የኔ ፊያት ይበልጣል፣ የለም የኔ ይበልጣል እየተባባሉ እዚያ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ጋራዥ የነበረው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን፣ ሁላችንም «ሙሴ» የምንለው፣ ቆሞ ሲያይ ከረመና አንድ ቀን ተናደደ። «ቀጥ ብሎ መንዳት ለአህያም አይከብድም፤ ሾፌር የሚለየው ሲታጠፍ ነው» አለ። ከወደቡ የመርከብ ገመድ አስመጣ። አንዱን ጫፍ በችካል ቸክሎ፣ ሌላውን ጫፍ ለሰው አስይዞ እያዞረ ኩርባውን በመሬቱ ላይ አሰመረ። በመስመሩ ላይ ባዶ በርሜል ደረደርን። ፒስታ አልነው፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

ደረቅ ጨው ግን ሲነዳበት ይፈርሳል፣ ዱቄት ይሆናል። ባሕር ጠጥቶ በፀሐይ ሲደርቅ ነው የሚጋገር። የኔ ሥራ ይህ ነበር። ጎህ ሲቀድ ቦቴዬን ከባሕሩ በፓምፕ ሞልቼ ፒስታውን አጠጣለሁ። ሁልጊዜ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሀል ነው፤ ከመሀል ከጀመርክ ዳሩ ይሰነጠቃል። ከኋላዬ ድንጋይ የተጫነ መኪና ይረግጠዋል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይጠጣል። ዓይኔንም እዚያው ነው የሳልኩት። ነጩ ደረቅ ነው፣ ይሸከማል። ጠቁሮ የሚያብለጨልጨው ከሥሩ ባሕር አለ፣ ይውጣል።

ሰይድ ከውድድር በፊት ወደኔ መጥቶ የሚጠይቀኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። «ያዘ?» ይለኛል፤ ጨው ጠነከረ ወይ ማለቱ ነው። «ያዘ» ካልኩት መሪ ይጨብጣል። ከአስመራ ድረስ የመጡ እንግዶች ተቀምጠው ሲጠብቁ «አልያዘም» ብዬው መኪናውን ሳያስነሳ የዋለበት ቀን አለ። ሰው ሁሉ ሰደበን። እሱ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ተመልካች መጀመሪያ የሚቆመው በከባድ መኪና ካርጎ ላይ ነበር፤ መኪኖቹ በቂጣቸው ወደ ፒስታው ተጠግተው ይደረደራሉ። በኋላ ከመርከብ ዕቃ ሣጥን በፈረሰ ጣውላ መቀመጫ ሠራን፣ በላዩም የሸራ ጥላ። አንዱ ሾፌር መዞር አቅቶት ባሕር ከገባ ወዲህ በባሕሩ ኩርባ ላይ አሮጌ ጎማ ከመርን። የነዳጅ ማጣሪያው ከተሠራ በኋላ ደግሞ ቀጥታው አስፋልት ለበሰ፤ ኩርባዎቹ ግን እስከ መጨረሻው ጨው ነበሩ። ያኔ ነው ከጅቡቲም ከየመንም በጀልባ ሰው የሚመጣው። ሎሚ በበረዶ የሚሸጡ ሴቶች የተሠለፉበት ቦታ ብቻ ትንሽ ገበያ ያህል ነበር።

«የባሕሩን ኩርባ ንገረው» አለኝ ሰይድ።

እዚያ ኩርባ ላይ ሌላው ሾፌር ፍሬን ይይዛል። ሰይድ ፍሬን አይነካም። ቀኝ እግሩን ከነዳጁ ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ያነሳል፣ ይመልሳል። በቃ። ሙሴ እንኳን «ይህን እኔ አላስተማርኩትም» ብሏል።

አብዮቱ መጣ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከለከለ። ሙሴ አገሩ ገባ። በርሜሎቹ ተወሰዱ። ወታደር መኪናውን አቆመበት። ማንም «ተው» ስላላለኝ እኔ ለጥቂት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ማጠጣቴን ቀጥዬ ነበር፤ በኋላ ቦቴውም ለጦሩ ተወሰደ። በመጨረሻ፣ እኛ አሰብን ስንለቅ፣ የባሕሩ ኩርባ ላይ ባዶ ኮንቴይነር ተከምሯል። ይህን ለሰይድ ነግሬው አላውቅም ነበር። ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ዝገቱ ጨውን ያበላሸዋል» አለ ቆይቶ።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ቀጭን ነጭ ሴት ናት። አስተርጓሚ ተመድባልናለች፣ ትሑት የአዲስ አበባ ልጅ። ሐኪሟ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ያንን የሚሸት እግር በእጇ ይዛ አየችው። የኛ ሐኪም ከወንበሩ አይነሳም። ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር ይዛ ሰይድን ዓይኑን አስጨፈነችው፤ እየነካች «ተሰማዎት?» ትለዋለች። እሱ «ተሰማኝ» ይላል። አንዳንዴ ሳትነካው ሁሉ «ተሰማኝ» አለ። እኔ አየሁ፣ ዘይነብም አየች። ሐኪሟ ሽቦውን አስቀመጠች።

ከዚያ ነገረችን። መርዙ ወደ ደም እየሄደ ነው። ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ለሰኞ ጠዋት ቦታ ይዛለታለች፤ ከዚያ ካለፈ እግሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ነው የምናጣው አለች።

«ንገሪያት» አለ ሰይድ ለአስተርጓሚዋ። «ይህ እግር መሬት ላይሰማው ይችላል። ነዳጅ ግን ያውቃል። አንድ መኪና ይስጡኝና ላሳያቸው።»

አስተርጓሚዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «እንዳለው ንገሪያት» አልኳት። ነገረቻት። ሐኪሟ «ሰኞ ድረስ እጠብቃለሁ» አለች።

ስንመለስ ዘይነብ መሪ እንደያዘች ታለቅሳለች። እሷም ሆስፒታል ነው የምትሠራ፤ የማያውቋትን ሽማግሌዎች ስታጥብ ትውላለች። «የሰው አባት ይሰማኛል ጋሼ፣ የኔ አባት ነው የማይሰማኝ» አለችኝ። ሰይድ ከኋላ ሆኖ «ፍሬን ላይ ቀስ በይ፣ መንገዱ ያንሸራትታል» አላት። መልሱ ይኼ ነበር።

ዓርብ ጁምዓ ሰገድን፤ መስጊዱ ምድር ቤት ውስጥ ያለ አዳራሽ ነው። ከሶላት በኋላ ሰይድን ወደ ሼኩ ወሰድኩት። ሼኩ ሶማሌ ናቸው፤ ጀማል በእንግሊዝኛ አገናኘን። ገላ የአላህ አማና፣ አደራ ነው፣ መታከም ይገባል አሉት።

«እኔም እኮ የተሰጠኝን አማና ሙሉውን ልመልስ ነው የምለው» አለ ሰይድ።

ሼኩ አልተቆጡም። «የተቆረጠውም አይጣልም። ይጠቀለላል፣ ይቀበራል። ቀድሞህ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም» አሉት። ሰይድ አመስግኖ ተነሳ። ደረጃው ላይ «ታዲያ አሳመነህ?» ብለው «አንተን አሳምኖሃል፤ የአንተን ይቁረጡት» አለኝ።

ያን ቀን ሁሉ አላናገርኩትም። ያን ያህል አገር አቋርጬ መጥቼ ሰውየው ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው። ተናድጃለሁ፤ ፈርቼማለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ራሱ አናገረኝ። «ተነስ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለ። ጀማል ከፊት ሰፊ ወንበር ባላት አሮጌ መኪናው ከከተማ አወጣን። ሰይድ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ ሐይቅ ደረስን። ከመቀዝቀዙ የተነሳ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤ ሰው መሀሉ ላይ ሄዶ ቆሟል፣ መኪና ቆሟል። ከርቀት የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሰዎቹ በሐይቁ ላይ በረዶውን ጠርገው ክብ መንገድ አውጥተዋል፣ በዳሩ ጎማ ደርድረዋል፣ በላዩ ይሽቀዳደማሉ። ተመልካቹ መኪናውን በቂጡ አስጠግቶ ካርጎው ላይ ቆሟል።

«ያንን እየው» አለኝ ሰይድ።

ውሃ የጫነች መኪና ናት። በውድድሩ መሀል መኪኖቹ ቆሙላትና የተሰነጠቀውን ኩርባ እያጠጣች ዞረች። ከዳር ጀምራ ወደ መሀል። ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። ይህን ሥራ በዓለም ላይ እኔ ብቻ የምሠራው ይመስለኝ ነበር።

«የብርዱን ወራት ሁሉ እዚህ እየመጣሁ ሳያት አንተን ነበር የማስበው» አለኝ። «በረዶው ሲቀልጥ ግን ምንም አይቀርም። በየዓመቱ ከባዶ ነው የሚጀምሩት።»

ጠጋ ብለን እንይ ተባለና ጀማል መኪናዋን ወደ በረዶው አወረደ። ፊት ለፊታችን ሌሎች የሄዱበት መንገድ አለ። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል። እኔ የጀማልን ትከሻ ያዝኩት።

«ቁም። ጥቁሩ ላይ እንዳትሄድ። በነጩ በኩል።»

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፉት።»

«ሰዎቹ ይስጠሙ። እኔ የጠቆረ መሬት አላውቅም?»

«ይመር ያለህን አድርግ» አለ ሰይድም። «እሱ ስለዚህ ተሳስቶ አያውቅም።»

ጀማል የተማረ ልጅ ነው፤ አገሩንም ያውቃል። ግን ሁለት ሽማግሌ ተናግሮት እምቢ አይልም። ወደ ነጩ አዞረ። ትንሽ ሄድን፤ ከፊት ግራው ጎማ ሥር እንደ ዕቃ ስብራት ያለ ድምፅ ተሰማና መኪናዋ ዘመመች። ከዳር ብዙ ስላልራቅን ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ ጎማው ግን ተቀብሯል።

እኔና ጀማል ወርደን ልንገፋ ከኋላ ቆምን። ሰይድ በወንበሩ ላይ ተንፏቆ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ከታመመ ወዲህ ዘይነብ ቁልፍ አስነክታው አታውቅም።

«ጋሼ ሰይድ፣ ቀስ ብለው ነዳጅ ይስጧት» አለ ጀማል።

ሞተሩ ጮኸ። ጎማው በባዶ ተሽከረከረ፣ በረዶና ጭቃ ለበስን። «ቀስ» አልኩ። አሁንም ጮኸ። «ሰይድ፣ ቀስ» አልኩ። ከዚያ ድንገት ነዳጁ ጨርሶ ተለቀቀና ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ አስነሳ፤ ደግሞ ጮኸ። ወደ በሩ ሄድኩ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ እግሩን እያየ ነው የሚረግጥ። መርገጫው ላይ መሆን አለመሆኑን በዓይኑ ነው የሚፈልገው። ሰይድ በሕይወቱ ወደ ታች አይቶ ነድቶ አያውቅም።

ቀና ብሎ አየኝ። እጁን ከመሪው አነሳ።

አንድ የአገሩ ሰው በፒክአፕ መጥቶ በገመድ ሳበን። ሙቅ ነገር ከፔርሙሱ ቀድቶ ሰጠን፤ ጀማል ብር ሊሰጠው ቢል ሳቀበት። ለጀማል ያስረዳው ይህን ነው፤ ነጩ በረዶ ውስጡ አየር አለበት፣ ደካማ ነው። ጥቁሩ ነው ጠንካራው፣ የሚሸከመው።

«የአሰብ ተቃራኒ ነው በለው» አልኩት። ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ሰውየው ኮፍያውን አነሳልኝ።

ስንመለስ ሰይድ መንገዱን መንገዱን ያያል። እኔ መሳሳቴ ከንክኖኝ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣

«ይመር» አለኝ።

«አቤት።»

«ከሄደ ቆይቷል እኮ።»

«ምኑ?»

«እግሬ። ከሄደ ቆይቷል። አልነገረኝም።»

ለማሳመን ነበር የመጣሁት፤ ያን ሰዓት ግን የማሳመኛ ቃል ቢኖረኝም አላወጣውም ነበር።

«ለዘይነብ አንተ ንገራት» አለ። «ሰኞ ይቁረጡት።»

ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ደስ አላለኝም።

ሰኞ ቆረጡት። ሐኪሟ ወጥታ በጥሩ ሁኔታ አልቋል አለች። ሰይድ ሲነቃ ብርድ ልብሱን አየ፤ የሚጎድለውን ቦታ አየ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጀማል ወረቀት ፈርሞ እግሩን ተረከበ። ነርሶቹ አልሳቁም፣ አልተገረሙም፤ በክብር ነው የሰጡን።

ረቡዕ እኔና ጀማል ሼኩን ይዘን ወደ ሙስሊሞች መቃብር ሄድን። መሬቱ እንደ ብረት ደርቋል። ቆፋሪዎቹ ከቀኑ አስቀድመው ቦታው ላይ የብረት ክዳን ደፍተው፣ ከሥሩ እሳት አንድደው አፈሩን ሲያሟሙ ነው የከረሙት። አሰብ ላይ ለመቃብር አሸዋውን በእጅህ ትዝቀው ነበር። እግሩ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሏል። እኔ ተቀብዬ አስገባሁት። እንደዚያ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያ እግር ስንቱን መኪና ከባሕር አፋፍ መልሷል።

አፈሩን መለስን። «ውሃ አለህ?» አልኩት ጀማልን። ከመኪናው አንድ የላስቲክ ጀሪካን አመጣ። መቃብር ውሃ መርጨት የኛ ደንብ ነው። ጀሪካኑን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ፤ «ተው፣ ይህ የኔ ሥራ ነው» አልኩት። ከዳር ጀመርኩ። ዞርኩ። ወደ መሀል መጣሁ። ውሃው ከኋላዬ እየረጋ፣ እየጠነከረ መጣ። በዕድሜዬ እንዲያ ቶሎ የያዘ መሬት አላየሁም።

ማታ ሰይድ ዘንድ ገባሁ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀ።

«አጠጣኸው?» አለኝ።

«አጠጣሁት።»

«ያዘ?»

«ያዘ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወደ ግድግዳው ዞረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስኩ። ጀማል ቡትሱን ይዘው ይሂዱ አለኝ፤ ኮምቦልቻ ምን ይሠራልኛል ብዬ ኤርፖርት ላይ አውልቄ መለስኩለት። ሰይድን ተሰናብቼ ስወጣ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ በሩ ሸኘኝ። «በግራ እግር የሚነዳ መኪና አለ ይላሉ» አለኝ። «አለ» አልኩት። ይኑር አይኑር አላውቅም።

ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድ ከጎረቤት ሱቅ እንደገና ተጠራሁ። ድምፁን ስሰማ ጀማል መሆኑን አወቅኩ፤ ዘይነብ መናገር እንዳልቻለችም ገባኝ። መርዙ በሌላኛው እግር መጥቶ ነው አለ። ከተቀበረው እግሩ አጠገብ አስተኝተውታል።

«ውሃ ረጫችሁለት?» አልኩት።

«ረጨን ጋሼ። እርስዎ እንዳደረጉት፣ ከዳር ጀምሬ ወደ መሀል።»

«ጎበዝ» አልኩት። እዚያ አገር በጋ ነበር፤ ውሃው ወደ ታች ሰርጎ እንደቀረ አውቃለሁ። ያዘ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ያንን የሚጠይቀው ሰይድ ነበር።